የሥራ ባልደረቦችን በልቦለድ መጻፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአማርኛ ልቦለድና ድራማ ውስጥ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ሥራ ግን አይታይም። ገጸ ባሕርዩ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው ይባልልናል። ሰፊ ጠረጴዛ አለው፣ ስልክ ያነሳል፣ ጸሐፊዋ ሻይ ይዛ ትገባለች፤ ከዚያ ወሬው ወደ ፍቅሩ፣ ወደ ውርሱ፣ ወደ በቀሉ ይሄዳል። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ፣ ከጎን ባለው ክፍል ማን እንደተቀመጠ፣ ያ ሰው ከሥራ አስኪያጁ ምን እንደሚፈልግ ሳናውቅ መጽሐፉ ያልቃል።

ይህ ያሳዝነኛል። የከተማ ሠራተኛ ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ባልደረቦቹ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የጠዋቱና የማታው የሰርቪስ ጉዞ ሲታከልበት ብዙ ሰው ከልጆቹ ፊት ይልቅ የባልደረባውን ፊት ሲያይ ይውላል። ይህን ያህል ዕድሜ የሚወስድ ግንኙነት በጽሑፋችን ሳስቶ የሚታየው ደራሲዎቻችን ችሎታ ስለጎደላቸው አይመስለኝም። ሳይመረመሩ የታመኑ፣ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው የሚተላለፉ አመለካከቶች ስላሉ ነው።

«ሥራው መቼት ብቻ ነው»

ዋናው ሰዎቹ ናቸው፣ የሚሠሩት ሥራ የጀርባ ሥዕል ነው የሚለው ምክር ከሁሉም የበለጠ ጉዳት አድርሷል። ስለ ጎረቤት ወይም ስለ አብሮ አደግ ሲጻፍ ምክሩ ሊያስኬድ ይችላል። ጎረቤታሞች ቢኳረፉ በራቸውን ዘግተው መኖር ይችላሉ። ባልደረቦች ግን አይችሉም፤ የአንዱ ሥራ በሌላው እጅ ሳያልፍ አያልቅምና። ግንኙነታቸው የሚወለደውም፣ የሚሻክረውም፣ የሚታደሰውም እዚያው የእጅ ለእጅ ቅብብሉ ላይ ነው።

አንድ ተራ ነገር እንውሰድ። መሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት ወረቀትና የፕሪንተር ቀለም ገዛ። ንብረት ክፍሉ ዕቃው መግባቱን በሞዴል 19 ቅጽ ካላረጋገጠ ሂሳብ ክፍሉ ክፍያ አያዘጋጅም። ክፍያው ፈራሚዎቹ ዘንድ ደርሶ ካልጸደቀ ገንዘብ ያዧ ቼክ አትሰጥም። ነጋዴው ደግሞ በየጠዋቱ «ብሬ የት ደረሰ?» እያለ የሚደውለው ለግዥ ሠራተኛው ነው። አሁን የግዥ ሠራተኛውና የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተቀያይመዋል እንበል። እሷ አልፈርምም አትልም። ደረሰኙ ላይ ያለው የዕቃ ዝርዝር ከግዥ ትእዛዙ ጋር በአንድ ቃል ይለያያልና ይስተካከል ትላለች። ትክክል ናት። እሱም ትክክል መሆኗን ያውቃል፤ ባይቀያየሙ ኖሮ ግን ያንን ቃል አይታ እንደምታልፈው ያውቃል። «እሺ፣ አስተካክዬ አመጣለሁ» ብሎ ይወጣል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሰደበም። ሁለት ሰዎች ግን እየተጎዳዱ ነው፤ የሚጎዳዱበትም ራሱ ሥራው ነው።

ደራሲው የክፍያውን መንገድ ካላወቀ ይህን ትዕይንት ሊያስበው አይችልም። የሚቀረው አማራጭ ሁለቱን ኮሪደር ላይ ማጯጯህ ነው፤ የምናነበውም ይህንኑ ነው።

ኸርማን ሜልቪል እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው «ባርትልቢ» ውስጥ በአንድ የኒው ዮርክ ጠበቃ ቢሮ የሚሠሩ ሁለት ገልባጭ ጸሐፊዎች አሉ። አንደኛው እስከ እኩለ ቀን ጠንቃቃ ሠራተኛ ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን ይግላል፣ ሰነድ ላይ ቀለም ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ጠዋት ጠዋት ይነጫነጫል፣ ከጠረጴዛው ጋር ሲታገል ያረፍዳል፤ ከሰዓት በኋላ ሰከን ይላል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ስለሚቃና ጠበቃው ሁለቱንም ይዟቸው ይኖራል። ሜልቪል ስለ ትዳራቸውና ስለ ልጅነታቸው አልተረከልንም፤ የሥራ ሰዓታቸውን ስላሳየን ግን በደንብ እናውቃቸዋለን።

ካዙኦ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» ደግሞ የአንድ እንግሊዛዊ ባላባት ቤት አሽከሮች አለቃ የሆነው ስቲቨንስና የቤቱ አስተዳዳሪ ሚስ ኬንተን ማታ ማታ ካካዎ እየጠጡ ስለ ሥራ ይነጋገራሉ። ስለ እንግዶች፣ ስለ መኝታ ክፍሎች፣ ስለ ሠራተኞች። ርእሱ ከዚህ አይወጣም። ስቲቨንስ በአንድ አለመግባባት የተነሳ ይህን የማታ ውይይት ሲያቋርጠው ግን አንባቢው ሁለት ፍቅረኞች የተለያዩ ያህል ያመዋል። ያንን ሕመም የፈጠረው ሳያቋርጥ ሲደረግ የቆየው የሥራ ንግግር ነው። ሥራው ቢወጣ ልቦለዱ ራሱ አይኖርም።

«ባልደረባ ወይ ወዳጅ ነው ወይ ጠላት»

የእኛን አገር መሥሪያ ቤት ያየ ጸሐፊ ይህን ሊያምን የማይገባው ነበር። ለአንድ የደረጃ ዕድገት የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች በአንድ እቁብ ይጥላሉ። አንዱ በሌላው ላይ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ከመሰከረ በኋላ ለፋሲካ ከአንድ ቅርጫ ሥጋ ይካፈላሉ። የአንዱ እናት ሲያርፉ የመዋጮውን ዝርዝር ይዞ በየቢሮው የሚዞረው ያው ተቀናቃኙ ነው። ሰርቪሱ ተጠይቆ ለቀስተኛው ተጭኖ ይሄዳል፣ ድንኳኑ ውስጥም ያ ሰው ከልቡ ያለቅሳል። ሐዘንተኛው ወደ ሥራው ሲመለስ የዕድገቱ ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል። ጠላትነት እንዳንለው ለቅሶው እውነት ነበር። ወዳጅነት እንዳንለው ምስክርነቱም ተሰጥቷል። ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ጸሐፊው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የለበትም።

ይህ ያልመረጡት ቅርበት ነው። ቤተሰብ በደም፣ ወዳጅ በፈቃድ ይገኛል፤ ባልደረባን ግን ያገናኘን የቅጥር ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ያለን ዕውቀት ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎነቱ ደግሞ ለልቦለድ ትልቅ ሀብት ነው። ሻይዋ ውስጥ ስንት ስኳር እንደምታደርግ፣ ስልኳ ሲጠራ የማንን ጥሪ እንደማታነሳ፣ ከደመወዝ በፊት ስንት ቀን ሲቀር ብድር እንደምትጠይቅ የምናውቃት ሴት የት ሰፈር እንደምትኖር አናውቅም። ዓመታት አብሯት የሠራ ሰው ቤቷን መጀመሪያ የሚያየው ለለቅሶ ሲሄድ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶ፣ ስማቸውን ብቻ ሲሰማ የኖረውን ልጆቿን፣ ስለ እነሱ ስታወራለት የነበሩትንና ያላወራችለትን ሰዎች በአንድ ከሰዓት ያያል። በማግስቱ ቢሮ ሲገናኙ አንዳቸውም ስለዚያ ቤት አያነሱም። ግን እንደ በፊቱ አይተያዩም። እንዲህ ያለውን ትዕይንት በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ደጋግሜ ባነበው ደስ ይለኛል፤ ያጋጠመኝ ግን ጥቂት ነው።

ኒኮላይ ጎጎል ይህን ድብልቅ እ.ኤ.አ. በ1842 በታተመው «ካፖርቱ» በሚለው ታሪኩ አሳይቶታል። አካኪ አካኪየቪች የተባለውን ሰነድ ገልባጭ የቢሮ ጓደኞቹ ያሾፉበታል፣ የተቀዳደደ ወረቀት ራሱ ላይ እየበተኑ በረዶ ጣለ ይሉታል። አዲስ ካፖርት ያሰፋ ቀን ግን እነዚያው ሰዎች ከበው እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል፣ ግብዣ ካላደረግህ ብለው ይይዙታል። እሱ ሲጨነቅ አንዱ የቅርብ ኃላፊ በራሱ ቤት ይጋብዛቸዋል። አካኪ ካፖርቱን የሚዘረፈውም ከዚያ ግብዣ ሲመለስ ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አዲስ ጫማ አድርጎ ቢሮ የገባ ሰው «ይመረቅ!» መባሉን ያውቃል። ሲያሾፉ የነበሩት ሰዎች ደስታቸውም እውነተኛ ነበር። ጎጎል ባልደረቦቹን ክፉ ብቻ አድርጎ ቢስላቸው ኖሮ አካኪ ወደ ግብዣው አይሄድም፣ ታሪኩም እንዲህ አይጎዳንም ነበር።

«ለጠብ ትልቅ ምክንያት ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ልቦለዶቻችን ባልደረቦችን ለማጣላት ሚሊዮን ብር ያሰርቃሉ፣ መርዝ ያስገዛሉ። ኑሮው የሚያሳየው ሌላ ነው። መስክ ሄዶ ውሎ አበል የሚያገኘው ማን ነው? ለሥልጠና ስሙ የተላለፈው የማን ነው? መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ማን ወረሰ? የአንዱ የዓመት ፈቃድ ሲጸድቅ የማን ፈቃድ ወደ ክረምት ተገፋ? በእነዚህ የተነሳ ሰላምታ ያቋረጡ ሰዎች በየቢሮው አሉ። አንባቢ ትንሹን ምክንያት የሚያምነው ከበስተጀርባው ያለውን ሲያይ ነው፤ ያ የመስክ አበል የአንድ ወር የቤት ኪራይ ሊሸፍን ይችል ነበርና።

«አለቃው ጨካኝ መሆን አለበት»

ጨካኝ አለቃ መጻፍ ቀላል ነው፤ ይጮኻል፣ ያባርራል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። የበታችና የበላይ ግንኙነት ግን ከጩኸቱ ይልቅ የበታቹ ልብ ውስጥ ባለው ስሌት ይታያል። አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1883 የጻፈው «የመንግሥት ሠራተኛው ሞት» የተሰኘ ታሪክ ለዚህ ከማውቀው ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። ቼርቪያኮቭ ቴአትር ቤት ውስጥ ያስነጥሰውና ምራቁ ከፊቱ የተቀመጡትን ባለሥልጣን ይነካቸዋል። ባለሥልጣኑ የሌላ መሥሪያ ቤት ሹም እንጂ የእሱ አለቃ አይደሉም፤ ግድ የለም ይሉታል። እሱ ግን አላመነም። እዚያው ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በማግስቱ ቢሯቸው ይሄዳል፣ እንደገና ይሄዳል። በመጨረሻ ታክቷቸው ውጣ ብለው ሲጮኹበት ቤቱ ገብቶ ይሞታል። ሹሙ ጨካኝ ሰው አልነበሩም። ፍርሃቱን ቼርቪያኮቭ ከራሱ መሥሪያ ቤት ይዞት መጥቷል።

ሌላም ነገር አለ። አለቃም አለቃ አለው። ከበላይ አካል የመጣ ደብዳቤ ጫፍ ላይ «በአስቸኳይ ይፈጸም» ተብሎ ሲመራለት እሱም ያልባል፤ ሪፖርቱ እስከ አርብ ካልደረሰ የሚጠየቀው እሱ ነው። አርብ ከሰዓት የጮኸውን አለቃ ብቻ ያሳየን ደራሲ ግማሹን ነው ያሳየን። ጠዋት የተደወለለትን ስልክ ብንሰማ ጩኸቱን ይቅር ባንልም ከየት እንደመጣ እንረዳለን። ያን ጊዜ ገጸ ባሕርዩ ሰው ይሆናል።

«ጸሐፊዋ የአለቃው ውሽማ ናት»

ይህን አመለካከት በትዕግሥት ማንበብ አቅቶኛል። በስንት ድራማ፣ በስንት መጽሐፍ ውስጥ ጸሐፊ ሆና የገባች ሴት አጭር ቀሚስ ለብሳ አለቃዋን ታማልላለች ወይም በአለቃዋ ትታለላለች፤ ሦስተኛ ነገር ስትሠራ አትታይም። እውነተኛዋ ጸሐፊ የመሥሪያ ቤቱ ትዝታ ናት። ኃላፊዎች ይሾማሉ፣ ይዛወራሉ፣ ይነሳሉ፤ እሷ እዚያው ናት። የትኛው ደብዳቤ መቼ እንደገባ፣ ማን ስንት ጊዜ ተመላልሶ እንደሄደ፣ የትኛው ፋይል እንደጠፋና ለምን እንደጠፋ ታውቃለች። ሠራተኛው ወደ አለቃው ከመግባቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ እንዴት ናቸው?» ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። «ትንሽ ቆይተህ ብትመለስ ይሻላል» ካለችው ይመለሳል። ይህ ሥልጣን ነው፤ በደመወዝ መደቡ ላይ ያልተጻፈ ሥልጣን። ብቻውን አንድ ልቦለድ መሸከም ይችላል።

አለቃው ቢያስቸግራትስ? ይህ በእውነት የሚደርስ በደል ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ ይጻፍ። ሲጻፍ ግን እንቢ ካለች በኋላ ያለውን ማሳየት ያስፈልጋል። የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ እንዴት እንደወረደ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ለምን እንደዘገየ፣ ጓደኞቿ ምሳ ሰዓት ላይ ለምን ዝም እንዳሉ። ትንኮሳውን ከነቁልምጫው ጽፎ ዝምታውን የዘለለ ደራሲ ታሪኩን ገና አልጀመረውም።

«የቢሮ ንግግር ደረቅ ነው»

ደረቅ የሚሆነው ጸሐፊው ሁሉንም ሰው በአንድ አፍ ሲያናግር ነው። አማርኛ ለባልደረቦች ምልልስ የሰጠን መሣሪያ ብዙ ቋንቋዎች የላቸውም። በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜያቸውን አብረው የጨረሱ፣ አንተ ለአንተ የሚባባሉ ሁለት ወጣቶች እናስብ። ከዓመታት በኋላ አንዱ ዳይሬክተር ይሆናል። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጓደኛው እጁን አውጥቶ «እርስዎ እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል፤ ሰው ስላለ ነው፣ ያስኬዳል። ሻይ ክበብ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ወደ አንተ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ግን ማንም ሳይኖር፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጓደኛው «እርስዎ» ይለዋል። ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚጨምር ደራሲ ትዕይንቱን ያበላሸዋል።

ዕድሜና ሹመት ሲጋጩም እንዲሁ ነው። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ያሉትን ሽማግሌ ጥበቃ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ብድግ ብለው እጅ ይነሳሉ። ሁለቱም አክባሪ፣ ሁለቱም ተከባሪ ናቸው። አለቃው በሌለበት «እሱ» ሲባል ቆይቶ የእግር ኮቴ ሲሰማ «እሳቸው» የሚባልበት ቅጽበትም አለ። የቢሮ ምልልስ ደግሞ በአፍ ብቻ አይደለም። ሁለት ባልደረቦች በአንድ ኮሪደር እየኖሩ በደብዳቤ መነጋገር ሲጀምሩ ነገሩ ከርሯል ማለት ነው። በደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር» የሚል መስመር የተጨመረ ቀን ደግሞ አንባቢው ከስድብ በላይ የሆነ ነገር እንደተነገረ ይገባዋል።

«እውነተኛ ሰው ከገለበጥኩ ይታመናል»

ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በዓሉ ግርማን ይጠቅሳሉ። በዓሉ ጋዜጣና መጽሔት በማዘጋጀት የኖረ፣ እስከ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነት የደረሰ፣ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የተሳተፈ ሰው ነበር። «ኦሮማይ» የተሰኘው ልቦለዱ በ1975 ዓ.ም. ሲታተም በውስጡ ያሉትን ባለሥልጣናትና የዘመቻ ባልደረቦች አንባቢው ከእውነተኛ ሰዎች ጋር እያገናዘበ አነበበው። መጽሐፉ ከገበያ ተነሳ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ለመጻፍ የከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ ስናነሳው ክብር ልንሰጠው ይገባል።

ሆኖም መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚነበበው አንባቢው ማን ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ አይደለም። እነዚያን ባለሥልጣናት በስም እንኳ የማያውቅ ትውልድ ያነበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሞ ስለ ደርግ ምንም የማያውቁ ሰዎችም እያነበቡት ነው። የሚይዛቸው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ሥራ ውስጥ ከበላዮቹና ከባልደረቦቹ ጋር ያለበት ሁኔታ ነው፤ ማን ማንን እንደሚፈልግ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ እንዲናገር የታዘዘውና ያየው ነገር እንዴት እንደሚጋጩ። ይህን በዓሉ ፈጥሮታል። ከኑሮ የተገለበጠ ሰው ገጹ ላይ በራሱ አይቆምም፤ ከየአቅጣጫው የተወጠረ ግንኙነት ውስጥ ሲገባ ነው የሚቆመው። አጠገቧ የምትቀመጠውን ሴት ከነሳሏ ከነቦርሳዋ ገልብጣ ያሳተመች ደራሲ ያተረፈችው በአብዛኛው አንድ የተቀየመ ባልደረባ ነው። ከሦስት ሰው አንዳንድ ነገር ወስዳ አራተኛ ሰው ብትሠራ ማንንም ሳትጎዳ የተሻለ ትጽፍ ነበር።

ልቦለድ የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚቀጥለውን ረቂቃችሁን ስትጀምሩ ገጸ ባሕርያችሁ ሥራውን ለመጨረስ የማን ፊርማ እንደሚያስፈልገው፣ ፈቃድ ሲወጣ ሥራውን ማን እንደሚሸፍንለት፣ ሰርቪስ ውስጥ ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ጽፋችሁ አስቀምጡ። የገንዘብ ያዧን፣ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ፣ የሾፌሩን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ታሪክ እንፈልጋለን። እስካሁን በቂ የጻፈልን የለም።